ጀርባቸውን ለባሕር የማይሰጡት እትዬ ኬኬላ

እትዬ ኬኬላን በደንብ አውቃቸዋለሁ ብል ውሸት ይሆንብኛል። ጎረቤቴ ናቸው። ሞገዱ በሚያይልበት ወራት ባሕሩ ዳር ወንበር ዘርግተው ይቀመጣሉ፤ ሰው ሲያነጋግራቸው እንኳ ዓይናቸውን ከውሃው አይነቅሉም።

ትናንት አንድ ጎብኚ ፎቶ ሊነሳ ጀርባውን ለባሕሩ ሰጥቶ ቋጥኝ ላይ ቆመ።

«አንተ ባለ ኮፍያው፣ የቆምክበት ረጥቧል። ባሕሩ ደርሶበት ሄዷል ማለት ነው፤ ተመልሶ ይመጣል።»

«ውሃው ሩቅ ነው እኮ፣ እናቴ።»

«ኮፍያህን ብቻ ከወሰደብህ ጥሩ። ውረድ።»

እየሳቀ ወረደ። ብዙም ሳይቆይ ሞገዱ ቋጥኙን ሲሸፍነው ሳቁን አቆመ።

እኛ ዘንድ ኦፒሂ የምንለውን የባሕር ቀንድ አውጣ ከቋጥኝ የምንፈለቅቀው ሁለት ሆነን ነው። አንዱ ይፈለቅቃል፣ ሌላው ሞገዱን እያየ ይጣራል። ጠባቂው፣ ጓደኛው እስኪወርድ ድረስ አንዲት ኦፒሂ አይቀምስም፤ ለመብላት ያቀረቀረ ሰው ባሕሩን አያይም።

የእትዬ ኬኬላን ታናሽ ወንድም ካዌናን ሞገድ የወሰደው እሳቸው ሲጠብቁት ነው። ቀልደኛ ነበር፤ ከቋጥኙ ላይ ኦፒሂ እየወረወረ «ቅመሺ እንጂ፣ ፈሪ» ይላቸው ነበር። ከረጢቱ ብቻ ተገኘ። መንደሩ እስከ ዛሬ «ሳይቀምሱ አልቀሩም» እያለ ያማቸዋል።

ጎብኚው ከሄደ በኋላ ወንበሬን አምጥቼ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ሐሜቱ ሐሰት ነው ቢሉኝ ደስ ይለኝ ነበር።

«እትዬ፣ ያን ቀን ቀምሰው ነበር?»



«ወንበርህን ወደ ኋላ ሳብ አድርግ» አሉኝ፤ «አሸዋው ረጥቧል።»