እንደ ወትሮው ጠይቀኝ

ሰው ወረፋውን ሲለቅልኝ ደስ አይለኝም። ባንክ ቤትም ይሁን ወፍጮ ቤት፣ ከፊቴ የቆመው ሰው ዞር ብሎ «እለፊ እህቴ፣ አንቺ ቅደሚ» ሲለኝ፣ ከማለፌ በፊት ዞሬ የሰዉን ሁሉ ፊት አያለሁ። በቀደም ለታ እንኳ መድኃኒት ቤት ውስጥ አንድ ጎረምሳ ቦታውን ለቀቀልኝ። ልጅ ማዘሌን አይቶ ነው፤ እግዜር ይስጠው። እኔ ግን አመስግኜ በማለፍ ፈንታ «ምነው? ምን ሰምተህ ነው?» ልለው ምንም አልቀረኝም።

ነገሩ ከልጅነቴ የመጣ ነው። ቁጭ በሉና ላውጋችሁ።

ያኔ የምንኖረው ፍኖተ ሰላም ነበር። ከአስፋልቱ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ፣ ባሕር ዛፍ የከበበው ግቢ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይተን፤ እናቴ፣ አባቴና እኔ። አባቴ የሽንዲ ሰው ነው፤ ግንበኛ ነበር። ክፍሏን ሲከራያት ወለሏ አፈር ነበር አሉ። ድንጋይ ያነጠፈላት፣ የተንጋደደ በሯን ያቃናላት እሱ ነው። የባድመ ጦርነት ሲመጣ ዘመተ። የሄደበትን ቀን ብዙም አላስታውሰው። የሚታወሰኝ ሲያቅፈኝ ከአንገቱ ሥር የሸተተኝ የሲሚንቶና የላብ ሽታ ነው።

አባቴ ዘመተ፤ ኪራዩ ግን አብሮት አልዘመተም። የሰፈራችን ቀበሌ ያን ጊዜ ለዘማች ቤተሰብ የቤት ኪራዩን ግማሽ ይደጉም ነበር። ድጎማው ታዲያ እግር አውጥቶ ቤት ድረስ አይመጣም። የዘማች ሚስት ወር በገባ ቁጥር ራሷ ቀርባ መጠየቅ፣ ስትጠየቅም መመለስ ነበረባት። ሌላውን ግማሽ እናቴ በበርበሬ ትሞላው ነበር። አንድ ነጋዴ መጋዘን ውስጥ ከሌሎች ሴቶች ጋር ተቀምጣ የደረቀ በርበሬ ጭራ ስትቀነጥስ ትውላለች። ማታ ገና በሩን ሳታልፍ ከልብሷ የሚነሣው ሽታ ያስነጥሰኛል። እጇ ስለሚያቃጥል ፊቴን የምትዳብሰኝ በክንዷ ነበር።

ድጎማው አንድ ወር ቢቀር፣ አከራያችን በማግስቱ ዕቃችንን ደጅ እንደሚያወጡት እናውቃለን። ያኔ ያለን መድረሻ የአባቴ ዘመዶች ዘንድ፣ ሽንዲ ገጠር ነው። እናቴ የምትፈራው ገጠሩን አልነበረም።

«አባትሽ ሲመለስ የሚያውቀው ይህን በር ነው» ትለኝ ነበር። «ቆስሎ ቢመጣስ? ደክሞት ቢመጣስ? ሌላ ሰው ከፍቶለት "እዚህ የሉም" ቢለውስ?»

ያቺን ክፍል የያዝናት እንግዲህ ለራሳችን አልነበረም። ለእሱ ነበር የምንጠብቅለት።

የቀበሌው ጽሕፈት ቤት ቆርቆሮው በፀሐይ ሲግል ጠሽ ጠሽ ይላል። ውስጡ የማኅተም ቀለምና ብዙ የተለበሰ ጋቢ ይሸታል። ከግድግዳው ጋር አንድ ረጅም አግዳሚ ተጠግቷል፤ ባለጉዳይ ገብቶ በወጣ ቁጥር የተቀመጠው ሁሉ አንድ አንድ ሰው ያህል ይንሸራተታል። እኔ ያን መንሸራተት እንደ ጨዋታ እወደው ነበር። ጸሐፊው ቀጭን፣ ጥርሱን በስንጥር የሚጎረጉር ሰው ነበር። ከእናቴ ጋር በየወሩ የሚነጋገሩትን በቃሌ አውቀዋለሁ።

«ባልሽ የት ነው?»

«ግንባር ነው።»

«በምን አወቅሽ? አንቺን ሸሽቶ መተማ ወርዶ እንደሆነስ?»

«እኔን የሸሸ ሰው መተማ ላይ መች ይቆማል! ሱዳንን ይሻገር ነበር እንጂ።»

አግዳሚው ሁሉ ይስቃል። ጸሐፊው አይሸነፍም።

«ወንዱ ሁሉ ዘምቷል እያላችሁ ድጎማ ትበላላችሁ። ታዲያ ከተማውን የሚጠብቀው ማን ነው?»

«አንተ አለህልን። ማኅተሟን አቅፈህ ትጠብቃለህ።»

ሳቁ ሲበረታ ፊቱ ይጠቁርና «ነገ ነይ» ይላታል። ነገ ስንመጣ ሊቀመንበሩ ስብሰባ ነው። ከነገ ወዲያ ማኅተሙ ተቆልፎበታል። በመንገድ ላይ «ምላሴ ነው ያስመለሰን» ትልና መልሳ ራሷው ትስቃለች። በሚቀጥለው ወር ግን ምላሷን አትሰበስበውም። አሁን ሳስበው ያን ንትርክ ትናፍቀው ነበር እላለሁ። በወር አንድ ጊዜ፣ በሰው ሁሉ ፊት፣ ጮክ ብላ ባሏ መኖሩን ትናገራለች፤ መንግሥትም እያጉረመረመ ይቀበላታል። ከግንባር ይጽፍልን የነበረው ደብዳቤ ከተቋረጠ ከርሟል። ሌላ የቀራት ማረጋገጫ አልነበረም።

አከራያችን ከባድ ሴት ነበሩ። ኪራዩ ሲዘገይ በረንዳቸው ላይ ቆመው፣ ግቢው እንዲሰማ፣ «ቀበሌሽ ካልከፈለ ሄደሽ ቀበሌሽ ዘንድ እደሪ!» ይላሉ። እኔን በስሜ ጠርተውኝ አያውቁም፤ «አንቺ ልጅ» ነበር ስሜ። ራዲዮናቸው ከጠዋት እስከ ማታ ይጮሃል፤ በግድግዳው አልፎ እኛ ክፍል ይገባል።

ተኩሱ ቆመ ከተባለ ቆይቷል። የተመለሰ አለ፤ ያልተመለሰም አለ። ያልተመለሰው ሁሉ ግን «ግንባር ነው» ይባል ነበር። ኅዳር ገባ። የጠዋቱ ብርድ ጆሮ ይቆነጥጣል። በየደጁ የተሰጣው በርበሬ ፀሐይ ሲያርፍበት የፈሰሰ ደም ይመስላል።

አንድ ጠዋት አከራያችን ትኩስ ቂጣ በቅቤ ለውሰው ይዘውልን መጡ።

«ብዪ የኔ ዓለም» አሉኝ።

ወደ ኋላዬ ዞር ብዬ አየሁ፤ ሌላ ልጅ የቆመ መስሎኝ።

እናቴ ደንግጣ «እትዬ፣ ኪራዩን ቀበሌው ሰኞ...» ብላ ስትጀምር፣

«ተይው ልጄ። ሲመችሽ» አሉና ፊታቸውን አዙረው ወጡ። ያን ቀን ራዲዮናቸው ዝም እንዳለ ዋለ። እኔ ቂጣዬን እየገመጥኩ ነበር። እናቴ ግን ቁራሿን በእጇ እንደያዘች፣ ሴትዮዋ የወጡበትን በር ትኩር ብላ ታያለች።

«ምን ነክቷቸው ነው?» አለች፤ ለእኔ አልነበረም።

በማግስቱ ቦኖ ውሃ ስንወርድ ሴቶቹ እኛን ሲያዩ ወሬያቸውን አቋረጡ። አንዷ የእኛን ጀሪካን ከሰልፉ መሐል አንሥታ ከሁሉ አስቀድማ ቀዳችልን። እኔ ኩራት ተሰማኝ። ለጓደኞቼ «አሁን እኛን ሰው ሁሉ ይወደናል» ብዬ አወራሁ።

ሰኞ ቀበሌ ሄድን። አግዳሚው ሙሉ ነበር። ገና ደፉን ስንረግጥ አንዲት ባልቴት ምርኩዛቸውን ተደግፈው ብድግ አሉ።

«እለፊ ልጄ። አንቺ ቅደሚ።»

«ኧረ በማርያም! አንቱ ቆመው? ወረፋዬን እጠብቃለሁ፣ ይቀመጡ።»

«እለፊ ብዬሻለሁ።»

ከእሳቸው ቀጥሎ የተቀመጠው ሰውዬም ተነሣ። ከዚያ ወዲያ ያለውም ተነሣ። ሁሉም አንድ በአንድ እየተነሡ ግድግዳውን ተጠጉ፤ እኔ የምወደው አግዳሚ ባዶውን ቀረ። በመሐላቸው ስናልፍ አንዱ እንኳ ዓይናችንን አላየም። የእናቴ እጅ እጄን ጠበቅ አደረገው።

ጸሐፊው ስንጥሩን ከአፉ አወጣ። ተነሥቶ የራሱን ወንበር ሳበላት። ከዚያ ማኅተሙን ቀለም አስነክቶ፣ ምንም ሳይጠይቅ፣ አንድ ጊዜ ጠም አደረገው። አለቀ። ወር ሙሉ ያመላልሰን የነበረው ጉዳይ ትንፋሽ እስክንስብ አለቀ።

እናቴ ግን ከወንበሩ አልተነሣችም።

«ግንባር ነው» አለች፣ ማንም ሳይጠይቃት።

ጸሐፊው ጠረጴዛውን ያያል።

«ጠይቀኝ እንጂ።»

«ምን ልጠይቅሽ እህቴ? ተሟልቷል።»

«እንደ ወትሮው ጠይቀኝ። ባልሽ የት ነው በለኝ። መተማ ወርዶ እንደሆነስ በለኝ።»

ጸሐፊው ወረቀቱን ወደ እሷ ገፋ አደረገላት። ቀና ብዬ እናቴን አየኋት፤ ፈገግ ለማለት ትሞክራለች፣ ከንፈሯ ግን እሺ አይላትም።

«ነገ ነይ በለኝ አንተ ሰው። አንድ ጊዜ ብቻ ነገ ነይ በለኝ።»

«ልጅሽን ይዘሽ ግቢ» አለ ጸሐፊው፣ ድምፁ ወርዶ። «ብርድ ነው።»

ውጪው ጠራራ ፀሐይ ነበር።

አድጌ የሰማሁትን እዚህ ላይ ልንገራችሁ። ወሬው ቀበሌ የደረሰው ከዚያ በፊት ነው። መርዶ ደግሞ በአገራችን መንገድ ላይ አይነገርም፣ ቢሮ ውስጥም አይነገርም። ሽማግሌ ተመርጦ፣ የነፍስ አባት ተነግሮት፣ ሰው ቤቱ ሳለ፣ በማለዳ ነው የሚረዳው። ያን ጊዜ እስኪደርስ ከተማው ሁሉ አፉን ይጠብቃል። አፋቸውንማ ጠበቁ። ርኅራኄያቸውን ግን የሚደብቁበት አጡ።

ወደ ቤት ስንመለስ እናቴ አልሮጠችም፣ አላለቀሰችም። ከሰፈራችን መግቢያ ያለው የዕድር ቤት በር ተከፍቶ፣ ሁለት ሰዎች ድንኳኑን ሣር ላይ ዘርግተው ፀሐይ ያስመቱታል። ሰፈራችን ውስጥ የታመመ ሰው አልነበረም። እናቴ ቆመች። ሰዎቹ ሲያዩን የድንኳኑን ጫፍ ከእጃቸው ለቀቁት።

«ማን ሞቶ ነው እማ?» አልኳት።

«ነይ፣ እንሂድ» አለችኝ። «ቤቱን እናጽዳ። ሰው ይመጣል።»

ይኼኔ ነው ልቤ ዘሎ የወጣው። ሰው ሁሉ የወደደን፣ ወረፋ የለቀቀልን፣ አሁን ደግሞ ቤት የሚጸዳው ለምን እንደሆነ በአንድ ጊዜ ገባኝ።

«አባዬ ነው የሚመጣው?»

«ሰው ይመጣል» አለች እንደገና።

እኔ ይህን እንደ እሺታ ቆጠርኩት። ከሰዓቱን ሙሉ ዘፈን እያንጎራጎርኩ አገዝኳት። አልጋውን ወደ ጥግ ገፋነው። የልብስ ሳጥኑን አስወጣች። ከአከራያችን አግዳሚ ለምና አመጣች፤ እሳቸውም ለምን እንደሆነ ሳይጠይቁ ተሸክመው አገዟት። እንስራው እስካፉ ተሞላ። ከዚያ እናቴ ደጅ ወጥታ እጇን በአመድ፣ ቀጥሎ በሳሙና፣ እንደገና በአመድ ታጠበች። እኔንም አጠበችኝ፣ ለጥምቀት የተገዛልኝን ቀሚስ አለበሰችኝ። ፊቴንም በመዳፏ፣ በሙሉ መዳፏ፣ ዳበሰችኝ። አላቃጠለኝም።

«ቀሚሴን ለብሼ ልተኛ?»

«ለብሰሽ ተኚ።»

«አባዬ ያውቀኛል? አድጌያለሁ እኮ።»

«እንዴት አያውቅሽ» አለች።

ያን ምሽት ስለ እሱ የጠየቅኳትን ሁሉ መለሰችልኝ። ሲስቅ ትከሻው እንዴት እንደሚንቀጠቀጥ፣ ድንጋይ ሲጠርብ እንደ ቄስ እንደሚያዜም፣ ደምበጫ ገበያ ላይ መጀመሪያ ሲያያት ምን እንዳላት። ምን ነበር ያላት? ረሳሁት። ይህን መርሳቴ ዛሬም ያንገበግበኛል። ከዚያ በኋላ አንድም ቀን ደግማ አልነገረችኝም፤ እኔም መጠየቅ አልደፈርኩም።

ጎህ ሲቀድ የእግር ኮቴ ሰማሁ፤ የብዙ ሰው፣ ቀስ ያለ ኮቴ። ከአልጋ ዘልዬ ወረድኩ። እናቴ ግን ከእኔ ቀድማ፣ ሳይንኳኳ፣ በሩን ከፈተችው። የነፍስ አባታችን መስቀላቸውን ይዘው ከፊት ቆመዋል። ከኋላቸው የቀበሌው ሊቀመንበርና የዕድሩ ዳኛ አሉ። አከራያችን ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ከግቢው ጥግ ቆመዋል። እኔ በሰዎቹ እግር መሐል አጎንብሼ ወደ መንገዱ አየሁ። ማንም አልነበረም። ወደ ኋላ ቀርቶ ይሆናል አልኩ፤ ጓዝ ይዞ ይሆናል።

«ልጄ...» ብለው የነፍስ አባታችን ሲጀምሩ እናቴ ጎንበስ ብላ መስቀሉን ተሳለመች።

«አውቄዋለሁ አባ። ግቡ፣ ተቀመጡ አባቶቼ» አለች። «ብቻ ትንሽ ታገሡኝ። ልጄ እህል ትቅመስ። ዛሬ ከዚህ በኋላ ማንም አያስታውሳትም።»

ገብተው አግዳሚው ላይ ተደርድረው ተቀመጡ። እናቴ ፍርፍር አቀረበችልኝ። ሦስቱ ትልልቅ ሰዎች ባርኔጣቸውንና ምርኩዛቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ እኔ እስክበላ ይጠብቁኛል። እንግዳ አክባሪ መሆኔን ላሳያቸው ፈለግሁ። እጄን ታጠብኩና፣ እንደተማርኩት ቀና ብዬ፣

«እንብላ» አልኳቸው።

ሊቀመንበሩ ወደ ግድግዳው ዞረ። የዕድሩ ዳኛ ጋቢያቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። የነፍስ አባታችን ብቻ «ብዪ ልጄ፣ ብዪ» አሉኝ።

ጉንጬ እስኪሞላ ጎረስኩ። አባቴ ሳልጨርስ እንዳይደርስብኝ ቸኩያለሁ። እናቴ ከጎኔ ተንበረከከች። ቀጣዩን ጉርሻ ራሷ ጠቀለለችልኝ፤ ትንሽዬ፣ ለጨቅላ የሚጠቀለል ዓይነት።

«ቀስ ብለሽ» አለችኝ። «ቀስ ብለሽ ብዪ የኔ እናት። ማንም አይቸኩልም።»