የብሪጂታ እናት ስም

ቡገንቪል ራሷን የቻለች አገር ትሁን ወይስ ከፓፑዋ ኒው ጊኒ ጋር ትቆይ ተብሎ ሕዝቡ በተጠየቀበት ሳምንት፣ እማማ ስኮላስቲካ የስኳር ድንች ማሳቸውን ትተው፣ አዲስ ቀሚሳቸውን ለብሰው ከተራራው ወረዱ። ጉልበታቸውን ያማቸዋል፤ አፋቸው ግን ደህና ነው፣ መንገዱን ሙሉ ሲቀልዱ መጡ። ከማሳው ማዶ ሆኖ ስማቸውን እየጮኸ ይጠራቸው የነበረው ታናሽ ወንድማቸው ኦቶአ፣ ለነጻነት በተደረገው ጦርነት ጊዜ ጫካ እንደገባ ቀረ። መቃብር የለው፣ ስሙ የሰፈረበት ወረቀት የለው። «የእኔ ስም ግን ምርጫው ላይ ይጠራል» ይሉ ነበር።

የትምህርት ቤቱ ግቢ በቀርከሃ ዋሽንትና በጭፈራ ደምቋል። ተራቸው ደርሶ ስማቸውን ሲናገሩ፣ ከባሕር ዳርቻ የመጣችው ኮስታራ የምርጫ ኃላፊ መዝገቡን ከላይ እስከ ታች አየችው።

«ስኮላስቲካ የሚባል የለም፣ እማማ። ከመንደርዎ ሴቶች ሳትመርጥ የቀረችኝ አንዲት ብቻ ናት፤ እሷም ‹የብሪጂታ እናት› ተብላ ነው የተጻፈችው።»

ሰልፈኛው በሳቅ ፈነዳ። የመንደሩን ሰው ያስመዘገበው የልጃቸው የብሪጂታ ባል ፊደሊስ ነዋ! እኛ ዘንድ አማች የአማቱን ስም አይጠራም፣ ፊት ለፊትም አያወራትም። ከጠራ ለካሳ አሳማ ያርዳል።

«ታዲያ እኔው ነኝ!» አሉ እማማ።

«መንደራችሁ ውስጥ ስንት ብሪጂታ አለ?»

«ሦስት» አለ አንዱ ከኋላ፤ «አራተኛዋ ገና እየዳኸች ነው።»

«እንግዲያው ያስመዘገበው ሰው ቀርቦ፣ እኚህ ሴት ማን እንደሆኑ በስማቸው ይመስክር። አለዚያ ማስመረጥ አልችልም።»

ፊደሊስን እየገፉ አመጡት፤ ላቡ ይንቆረቆራል።

«ሚስቴን የወለዱት ናቸው» አለ።

«ስም!»

«የልጆቼ አያት።»

«ወንድሜ፣ ስም ነው ያልኩህ!»

«ስምንት ዓመት የታሰረ ምላስ በአንድ ቀን ይፈታል እንዴ?» አለ ያው ከኋላ ያለው ሰውዬ።

እማማ ያን ሁሉ ተራራ ወርደው የሰው እናት ተብለው ሊመለሱ ነው። አጠገባቸው ወደቆመችው ልጃቸው ዞሩ።

«ብሪጂታ፣ ለባልሽ ንገሪው። የአጎትሽ ስም በየትም መዝገብ የለም። የእኔን ይጥራ፤ ፈቅጃለሁ።»

ፊደሊስ መሬት መሬት እያየ አጉተመተመ።

«አልሰማሁም» አለች ኃላፊዋ።

«እኔም አልሰማሁም በይው!» አሉ እማማ።

ዓይኑን ጨፍኖ «ስኮላስቲካ!» ብሎ ሲጮኽ ዋሽንቱ ሁሉ ቆመ።

ኃላፊዋ ስማቸውን በመዝገቡ ላይ አስተካክላ ጻፈችላቸው። እማማ መረጡ፣ ጣታቸውን ቀለም አስነኩ። ምን እንደመረጡ የጠየቃቸው የለም፤ እየጨፈሩ ነው የወጡት።

ፊደሊስ በሩ ላይ አንገቱን ደፍቶ ቆሟል። ውጤቱ ሲነገር ሊያርደው ያደለበው አሳማ ዛሬውኑ መታረዱ ነው።

«ብሪጂታ» አሉ እማማ፣ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ፣ «ለባልሽ ንገሪው፤ ከኦቶአ ወዲህ ስሜን እንዲህ ጮክ ብሎ የጠራኝ ሰው የለም። እግዜር ይስጠው።» ትንሽ አሰብ አደረጉና፣ «አሳማው ግን አይቀርለትም» አሉ።