የግራ እጁ ክር

ቡታጅራ ገበያ ዳር ሠላሳ ዓመት ልብስ የሰፋው ባልቻ በክር አይመካም፤ ምን ቢጠብቅ አንድ ቀን ይተረተራል ባይ ነው። ልጁ ናዝራዊት ያገባችው የላኦስ ሰው ነውና፣ በሠርጓ ቀን የሙሽራው እናት በየዘመዱ የእጅ አንጓ ላይ ነጭ ክር አሰሩ።

"ርቃ የባከነችን ነፍስ ወደ ቤቷ ይጠራል፤ በሦስተኛው ቀን ይፈታል" ብላ ናዝራዊት ተረጎመች።

ባልቻ ቀኙን አሳስሮ ግራውን ዘረጋ።

"አንድ ይበቃል እኮ፣ አባዬ።"

"ይሄ የወንድምሽ ነው።"

ፊልጶስ በእግሩ ወደ ደቡብ አፍሪካ ከወጣ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ድምፁም ጠፍቷል። ናዝራዊት መተርጎም አቃታት። ሴትየዋ ግን ፊቷን አይተው አሰሩለት።

በሦስተኛው ቀን ባልቻ የቀኙን ፈታ። የግራው ጠቁሮ ዛሬም እጁ ላይ አለ። ደንበኞቹ "ምነው ይህን ቆሻሻ ክር ብትጥለው?" ሲሉት፣ ከስፌት መኪናው ቀና ሳይል ይመልሳል፦

"ልጁ መቼ ገባና!"