እህቴን ሦስት ቦታ ያስቀመጠው ሰው

የእህቴ ባል ጡረታ እስኪወጣ ድረስ የመለዋወጫ ዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊ ነበር። ሠራተኞቹ «ማኅተም» ይሉት ነበር፤ እሱ ሳያትምበት የሚወጣ አንድ ብሎን የለምና። ጡረታ ሲወጣ ቤቱን ግምጃ ቤት አደረገው። ሳሙናው መደርደሪያ አለው፣ ክብሪቱ መደርደሪያ አለው፣ እያንዳንዱ ላይ ስሙ የተጻፈበት ወረቀት ተለጥፏል። እህቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ «እኔም ላይ ሳይለጥፍብኝ ልሙት» ትል ነበር።

ማኅተም አንድ እምነት ነበረው፤ አንድ ዕቃ፣ አንድ ቦታ። ያው ዕቃ ሁለት መደርደሪያ ላይ ከተገኘ ለእሱ የሌብነት መጀመሪያ ነው። ትርፍ ከጉድለት እኩል ያስጠይቃል እያለ ስንቱን ሠራተኛ አስለቅሷል።

እህቴ ስትሞት ድምፅዋ የቀረው አንድ ቪዲዮ ላይ ብቻ ነው። ልጃቸው ገና ተማሪ ሳለች፣ እናቷ ሽንኩርት እየከተፈች ስታወራ በስልኳ ቀርጻት ነበር። ስልኩ አውቶቡስ ውስጥ ተሰረቀ፤ ደግነቱ ቪዲዮው ቤት ያለው ኮምፒውተር ላይ ተገልብጦ ነበር። ያ ኮምፒውተር ደግሞ አንድ ጠዋት አልነሳም ብሎ ሲያቃስት ዋለ፤ የተነሣው ማታ ላይ ነው። ማኅተም እንደዚያን ቀን ሲደነግጥ አይቼው አላውቅም። ልጅቷ ከምትሠራበት ከተማ ደውላ መከረችው፦ ኮምፒውተሩ ላይ ይኑር፣ ሁለት ሃርድ ዲስክ ግዛ፣ አንዱን ቤት፣ ሌላውን አክስቴ ዘንድ አስቀምጥ፤ ቤት እንኳ ቢቃጠል አንዱ ይተርፋል። ለእኔም በኢንተርኔት ላክልኝ ብላው ነበር። ንብረት በአየር አይላክም ብሎ እምቢ አለ።

ከዚያ ምርጫው ተጀመረ። እህቴን እንኳ የመረጣት በአንድ ከሰዓት በኋላ ነው፤ ዲስኩ ግን ወራት ፈጀበት። ዲስክ ሁለት ዓይነት ነው አሉት፤ ውስጡ የሚሽከረከረው ሰፊ ነው፣ ዋጋውም ቀለል ይላል፣ ከወደቀ ግን አለቀለት። የማይሽከረከረው ፈጣን ነው፣ መውደቅም አይፈራም፣ ግን ለዓመታት ሳይነካ መሳቢያ ውስጥ ከቆየ የያዘው ሊጠፋበት ይችላል ተባለ። ይህን ሲሰማ እህል አልወርድ አለው። ቤት ሲሆን ዲስክ የሚያወዳድሩ ሰዎችን ቪዲዮ እያወረደ ያያል፤ ሱቅ ሲሄድ ባለሱቁን ቁም ስቅሉን ያሳየዋል። ሲሞቅ ምን ይሆናል፣ ማን ነው የፈተሸው፣ አንተ ራስህ ቤትህ የትኛው ነው ያለህ። ባለሱቁ በስተመጨረሻ ገና ከሩቅ ሲያየው ጓዳ መግባት ጀመረ።

ሁለት የሚሽከረከሩ ገዛ፣ ከተለያዩ ሱቆች፤ አንድ ላይ የተሠሩ አንድ ላይ ይበላሻሉ ሲባል ሰምቶ። እውነቱን ለመናገር ይህችስ ብልህነት ነበረች። ቪዲዮውን ገለበጠባቸውና አንዱን የብረት ቁም ሣጥኑ ውስጥ ቆለፈበት፤ ሌላው በፎጣ ተጠቅልሎ እኔ ቤት አንሶላዎቼ መካከል ገባ።

በየሳምንቱ እየመጣ «እስቲ ልየው» ይለኛል። እኔ ቤት ያለው ላፕቶፕ ላይ ሰክቶት ለብቻው ይቀመጣል። እኔ ሞኟ እህቴን እያየ የሚያለቅስ መስሎኝ በሩን ቀስ አድርጌ እዘጋለታለሁ፤ የቤቱንም ሰው ዝም አሰኛለሁ። ለካ ጋሼ ንብረት እየቆጠረ ነው።

ልጅቷ ባለፈው ክረምት እርጉዝ ሆና አባቷ ቤት ልትወልድ መጣች። የሚወለደው ልጅ የአያቱን ድምፅ እንዲሰማ ትፈልጋለች፤ ከሁሉ በፊት ግን ለራሷ ናፍቃታለች።

«የእማዬ ድምፅ ከጆሮዬ እየጠፋብኝ ነው፣ አክስቴ» አለችኝ።

ከእኔም ጆሮ እየጠፋ ነበር፤ አልነገርኳትም እንጂ።

ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጥን። የለም። ማኅተም ምንም አልመሰለው፤ አሮጌ ስለሆነ ከዚያ አንሥቼዋለሁ አለ። ቁም ሣጥኑ ተከፈተ። የለም። አሁንም ኮራ ብሎ፣ ያለው አክስትሽ ቤት ነው ብሎ አጣደፈን። ፎጣው ተፈታ፣ ዲስኩ ተሰካ። እዚያም የለም።

ነገሩን ከአፉ እየጎተትኩ አወጣሁት። መጀመሪያ ከኮምፒውተሩ ሰረዘው፣ ስለማያምነው። ከወራት በኋላ እኔ ቤት ሲቆጥር፣ ይሄማ ቁም ሣጥን ውስጥ አለ፣ ትርፍ ነው ብሎ ሰረዘው። ከዚያ ብዙ ቆይቶ፣ ያንን ረስቶ፣ ቁም ሣጥኑን ሲቆጥር ደግሞ ይሄማ እሷ ቤት አለ አለና ሰረዘው። ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ ምን ታይ ነበር ብዬ ብጠይቀው፣ ትርፍ እንዳይኖር ነበር የማየው አለኝ።

ኮምፒውተሩንና ዲስኮቹን ወደ ጠጋኝ ወሰድናቸው። የተሰረዘ ነገር ሌላ ካልተጻፈበት ሊገኝ ይችላል አለን። ማኅተም ግን ባዶ ቦታ ሥራ ፈቶ ሲቀመጥ አይወድም፤ ሁሉንም በእነዚያው ዲስክ አወዳዳሪዎች ቪዲዮ ጢም አድርጎ ሞልቶታል። ጠጋኙ ደክሞ ደክሞ ያገኘልን አንድ መላጣ ሰውዬ ነው፤ በሁለት እጁ ሁለት ዲስክ ይዞ ይስቃል። እኔም ሳቅ አመለጠኝ፤ ወዲያው ደግሞ አለቀስኩ።

ቤት ስንመለስ ልጅቷ አልጮኸችበትም። አጠገቡ ተቀምጣ እናቷ ያለችውን ለማስታወስ ሞከረች። ስለ ሽንኩርቱ አንድ ነገር ብላ ነበር፤ ከዚያ ስለ አባትሽ ልንገርሽ ብላ ቀልዳበታለች። ቀልዱ ግን አልመጣላትም።

«አባዬ፣ እኔ ካየሁት ቆየሁ። አንተ መቼም አትረሳውም። ምን ነበር ያለችው?»

ማኅተም እጆቹን ያይ ጀመር።

«አላየሁትም» አላት።

«አንድ ቀንም?»

«መኖሩን አውቅ ነበራ።»

ልጅቷ እጇን ሆዷ ላይ አደረገች። እህቴ የቀለደችው በእሱ ነበር፤ ምን ብላ እንደቀለደች ግን ከእንግዲህ የሚነግረው የለም።