የአቶ አትናቴዎስ ደጆች

መጋቢት 9 ቀን 2013 ዓ.ም.፣ ሐሙስ ጧት፣ አቶ አትናቴዎስ ከአልጋቸው ሳይነሡ ቀሩ። ጠረጴዛቸው ላይ ሁለት ስልኮች ጎን ለጎን ተቀምጠው ነበር፤ አንደኛው ጀርባው በፕላስተር የታሰረ አሮጌ የዊንዶውስ ስልክ፣ ሌላው ከመሐል ሜዳ ከተማ የተገዛ አዲስ። ከአሮጌው ወደ አዲሱ የማሻገሩ ሥራ አላለቀም። ከላይኛው ሰፈር እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ግርጌ ያሉት ሰዎች ስሞች ተሻግረዋል፤ የወንዝ ማዶዎቹ ገና ነበሩ።

የሚያሻግሩት ቁጥር ብቻ ቢሆን የአንድ ከሰዓት ሥራ ነበር። እሳቸው ግን የሚያሻግሩት ማን ከማን አጠገብ እንደሚቀመጥ ነው።

አቶ አትናቴዎስ የቀየት መንደር እድር መርዶ አስነጋሪ ነበሩ። እንዲህ የሚባል ሹመት በእድሩ ደንብ ውስጥ የለም፤ ማንም አልመረጣቸውም። ይሁን እንጂ ሰው ሞቶ ዘመዱ ሌላ አገር ሲሆን፣ ወሬው በማን አፍ፣ ማን ባለበት እንደሚነገር የሚያሰናዱት እሳቸው ነበሩ።

ነገሩ የተጀመረው በስልክ ጣቢያው ነው። በጉልምስናቸው የቀየትን ብቸኛ ስልክ የሚጠብቁት እሳቸው ነበሩ። ከአዲስ አበባ ይደወልና «እከሊትን ጥሩልኝ» ይባላሉ። «ለምን ጉዳይ?» ብለው ይጠይቃሉ። ጉዳዩ ሞት ከሆነ «አይሰማም፣ መስመሩ ተቆርጧል» ብለው ይዘጉና ጋቢያቸውን ደርበው ወደ ሴትዮዋ ጎረቤቶች ይሄዳሉ። በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ ጎረቤቶቿ፣ የነፍስ አባቷና አንዲት ክንዷን የምትይዝ ባልንጀራ በሯ ላይ ይደርሳሉ። ስለዚያች የመስመር ውሸት ሲጠየቁ «የነፍስ አባቴ ብዙ ጊዜ ሰምተዋታል፤ ንስሐ ሰጥተውኝ ግን አያውቁም» ይሉ ነበር።

አንድ ነገር ብቻ ነበር የማይሆንላቸው፤ ሰው ብቻውን ሆኖ ሞት መስማቱ።

ሁሉም የየራሱን ስልክ ሲይዝ ጣቢያው ተዘጋ። በ2006 ዓ.ም. የእኅታቸው ልጅ ከአዲስ አበባ ያንን የዊንዶውስ ስልክ ይዞላቸው መጣ። ሲከፈት ፊቱ ላይ ባለቀለም አራት ማዕዘኖች ይደረደራሉ። አንዱን ማስፋት፣ ሌላውን ማሳነስ፣ ወደ ፈለጉበት መጎተት ይቻላል። ሰውም እንደዚያው ነው፤ ፎቶው ተለጥፎበት የራሱ አራት ማዕዘን ይኖረዋል፣ ሲነኩት ይደወላል። አቶ አትናቴዎስ አራት ማዕዘኖቹን «ደጅ» ብለው ጠሯቸው። ክረምቱን ሙሉ ሰዉን አሰፈሩበት። መሐል ሜዳ ባና፣ የበግ ጠጉር ብርድ ልብስ፣ የምትነግደው ኮከቤ ትልቅ ደጅ ተሰጣት፤ ከግራዋ አብራት የምትነግደው ሴት፣ ከቀኟ የነፍስ አባቷ ትንንሽ ደጅ ያዙ። ደብረ ብርሃን ያሉት፣ አዲስ አበባ ያሉት፣ ሁሉም እንዲሁ። ከቀየት የወጣ ሰው ሁሉ፣ ክፉ ቀን ሲመጣ ከሚይዘው ሰው ጋር ጎረቤት ሆኖ ተቀመጠ።

ብቻዋን የቀረች አንዲት ደጅ ነበረች። የልጃቸው የገሊላ።

ስልኩ ጥቂት ዓመት እንዳገለገለ መዳከም ጀመረ። መጀመሪያ የአየር ሁኔታ የሚያሳየው ደጅ አንድ ቀን ፀሐይ አውጥቶ በዚያው ቀረ። ውርጭ ገብሱን በመታበት ሳምንት ጎረቤቶቻቸው «እስቲ ወደ አትናቴዎስ ስልክ እንግባ፤ እዚያ በጋ ነው» እያሉ ሳቁባቸው። ከዚያ አንዱ መተግበሪያ አልከፍትም አለ፤ ሌላው ተከተለ። መሐል ሜዳ ወርደው ስልክ ለምትጠግነው ለመሲ አሳዩዋት።

«ጋሽ አትናቴዎስ፣ ይሄ ስልክ አሳዳጊ የለውም። የሠሩት ሰዎች እየተዉት ነው» አለቻቸው።

«ምን አጥፍቶ?»

«ምንም አላጠፋም። ሰው አልገዛውም። ሰው ካልገዛው አፕ የሚሠራለት አይገኝም፤ አፕ ከሌለው ደግሞ ሰው አይገዛውም።»

«እንደ ቆላው ትምህርት ቤት በይኛ። ተማሪ የለም ብለው መምህር አይመድቡ፣ መምህር የለም ብሎ ተማሪ አይመጣ።»

«በትክክል።»

«እዚህ ከተማ የቀረነው ማን ማን ነን?»

መሲ አሰበች። «እርስዎና አንድ የግብርና ባለሙያ። እሱም ሰሞኑን ለልጁ መጫወቻ ሰጥቶታል።»

አቶ አትናቴዎስ ስልኩን ከእጇ ወስደው በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉት። መደወል እስካላቃተው ድረስ ደጆቹ በየቦታቸው ናቸው፤ ሌላው ለእሳቸው ትርፍ ነበር።

በ2012 የኮሮና ወሬ መጣና መሰብሰብ ተከለከለ። የእድሩ ሊቀ መንበር አቶ ባስልዮስ፣ ከአትናቴዎስ ጋር አብሮ አደግ የሆኑ፣ የእድሩ ጉዳይ ሁሉ በቴሌግራም ግሩፕ ይሁን አሉ። ጥቂት ሰዎች ተራርቀው ቆመው በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ስር ተነጋገሩ።

«አትናቴዎስ፣ አንተም ግባበትና አብረን እንሥራ» አሉ ባስልዮስ።

«ስልኬ እንቢ አለኝ። የሚጫንበት ሱቅ ተዘግቷል አሉ።»

«ስልክህማ ከሞተ ቆየ! መርዶውን የሚነግርህ ጠፍቶ ነው እንጂ።»

ሰዉ በጭንብሉ ውስጥ ሳቀ። አትናቴዎስም ሳቁ። «ሞቶ እንዲህ የሚደውል ከሆነ እኔንም እንዲህ ይግደለኝ» አሉ። ቀጥለው ግን «ባስልዮስ፣ መዋጮውንም ስብሰባውንም በፈለግህበት ጻፍ። መርዶ እንዳትጽፍ» አሏቸው።

«ዘመኑ ነው ወንድሜ። አሁን ማን ማን ቤት ይሄዳል?»

ያን ክረምት የኮከቤ ወንድም ይሥሐቅ በድንገት ዐረፈ። ባስልዮስ ቸኩለው ነበር፤ ቀብሩ በዚያው ቀን ነው፣ ቀባሪ ማግኘት አለባቸው። ግሩፑ ላይ ጻፉ። ኮከቤ በዚያ ሰዓት ባናዋን ጭና በሚኒባስ ወደ ደብረ ብርሃን እየሄደች ነበር። ስልኳ እጇ ላይ ነዘረ። አነበበች። ስትጮኽ ሹፌሩ መኪናውን አቆመ። ተሳፋሪው ሁሉ በሽታውን ፈርቷልና ማንም አልነካትም። ወረደች። ከቀየት ሰው ደርሶ እስኪያገኛት ድረስ መንገድ ዳር የታሰረ ባናዋን አቅፋ ተቀምጣ ቆየች።

አትናቴዎስ የኮከቤን ነገር የሰሙት ከቀብር ሲመለሱ ነው። ስልኩን ከፍተው የኮከቤን ደጅ አዩ። በግራ ባልንጀራዋ፣ በቀኝ የነፍስ አባቷ፣ እንደተቀመጡ ናቸው። ማንም አልደወለላቸውም።

በሳልስቱ ማግስት ባስልዮስ በራሳቸው እግር መጡ። ገብተው መደቡ ላይ ተቀመጡ።

«እኔ ነኝ» አሉ።

«አንተ ነህ» አሉ አትናቴዎስ። የሚቀምሱት ነገር አቀረቡላቸው።

ከዚያ ወዲህ በእድሩ ግሩፕ ላይ መርዶ አልተጻፈም። ሰው የሞተ እንደሆነ ወደ አትናቴዎስ ቤት ይላካል። ሥራው ተመለሰ፤ ስልኩ ግን አልተመለሰም። ባትሪው አብጦ ጀርባውን ገፋው፣ በፕላስተር ታሰረ። በወሬ መሐል ይጠፋል። መሲ ባትሪ እስከ አዲስ አበባ አስፈልጋ አጣች። የካቲት 2013 ላይ አዲስ ስልክ ገዙ።

መሲ ቁጥሮቹን ወዲያው ገለበጠችላቸው። «ይኸው፣ አንድም ሰው አልቀረም።»

መነጽራቸውን አድርገው ወደ ታች ወደ ላይ አሉ። «ኧረ ልጄ፣ ሰዉን በትነሽዋል!»

«በፊደል ተራ ነው'ኮ ጋሼ።»

«ኮከቤን ከኪዳነ ጋር አጎራብተሻታል። ፈትቷት የሄደ ባሏ ነው!»

መሲ እየሳቀች ግንባሯን ጠረጴዛው ላይ ደፋች። ከዚያ አንድን ሰው ብቻውን አውጥቶ ፊት ላይ እንዴት ማስቀመጥ እንደሚቻል አሳየቻቸው። እንደ ድሮው አይሰፋም፣ እንደ ድሮው አያምርም፤ አንድ በአንድ መለጠፍ ነው። «ጊዜ ይፈጃል» አለቻቸው። «አለኝ» አሉ። ወረፋ የሚጠብቀውን ሰው ቅር እያሰኙ እዚያው የመጀመሪያዎቹን አብረው አሰፈሩ። ገሊላ ጋ ሲደርሱ መሲ እጇን አቆመች።

«ከሷ አጠገብ ማን ይግባ?»

«ማንም።»

«እንዴት ማንም?»

«የኛ ሰው ሲሞት የምነግራት እኔ ነኝ። ራቤል ድረስ እሄዳለሁ።»

«እርስዎ ሲሞቱስ?» አለችና አፏን በእጇ ያዘች። «ይቅር ይበለኝ ጋሼ፣ አፌ ነው።»

«ያን ቀንማ አይመቸኝም» አሉ አትናቴዎስ። ሱቁ ውስጥ ያለው ሁሉ ሳቀ። ወደ ቀየት በሚመልሳቸው መኪና ውስጥ ግን አዲሱን ስልክ አውጥተው የገሊላን ደጅ አዩ።

ገሊላ ራቤል ከተማ መዝገብ ቤት ትሠራለች። ዩኒቨርሲቲ ተምራ፣ እናቷን ቀብራ፣ ብቻዋን ቤት ተከራይታ የምትኖር፣ ከሰው ጋር ቶሎ የማትግባባ ልጅ ናት። አባቷ የሌላውን ሁሉ አሰናድተው የሷን ያላሰናዱት ረስተው አልነበረም። ለሰው ሲሆን የሚያስቡት ሞት የሌላ ሰው ነው፤ ለሷ ሲሆን የራሳቸውን ማሰብ ነበረባቸው። አሁን ቢጠይቋትስ? «ጎረቤትሽ ማነው?» የሚለውን ጥያቄ ከአትናቴዎስ አፍ የሰማ የቀየት ልጅ ሁሉ ትርጉሙን ያውቃል። አንዴ በዘወርዋራ ሞከሩት።

«ሰፈሩ ደኅና ነው?»

«ደኅና ነው አባዬ። ሁሉም የየራሱን ነው የሚኖረው። ከግድግዳው ማዶ ጠጄ የምትባል አለች፤ ስታስል ታድራለች፣ እንቅልፍ ነሳችኝ።»

ከዚያ ጥሪ የያዙት ይህችን ሳል ነው።

ሐሙስ ጧት ባስልዮስ በሩን ያስከፈቱት ሰው ልከው አትናቴዎስ ሳይመጡ ስለቀሩባቸው ነው፤ ዐርፈው አገኟቸው። ከለቅሶው በፊት ጠረጴዛው ላይ ያለውን አዲሱን ስልክ አንሥተው ገሊላን ፈለጉ። ደጇን አገኙት። ብቻውን አልነበረም። ለገሊላ አልደወሉላትም፤ ከአጠገቧ ለነበረው ስም ደወሉ። ገሊላ ያን ቀን እንደ ወትሮው ሠርታ ገባች፤ ስልኳ ምንም አላለም። ዓርብ ጎሕ ሲቀድ በሯ ተንኳኳ። ጠጄ ነበረች። «ነዪ፣ እኔ ዘንድ ግቢ» አለቻት። ገብታ የቢሮ ባልደረቦቿንና የደብሩን ቄስ ቆመው ስታይ፣ የማን ልጅ ናትና፣ ማንም ሳይናገር ተረዳች። ጠጄ ከወገቧ ያዘቻት።

የዚያ ስም ነገር እንዲህ ነው። ከመሞታቸው ሁለት ቀን በፊት፣ ማክሰኞ ዕለት፣ አቶ አትናቴዎስ ከጓሳው ተራራ ያስመጡትን ለሳል የሚፈላ ደረቅ ጦስኝ በጋዜጣ ጠቅልለው መሐል ሜዳ መነኻሪያ ሄዱ። ራቤል የሚሄደውን ሹፌር ታዲዮስን ያውቁታል።

«ለገሊላ ነው አያ?»

«ለጎረቤቷ ነው። ጠጄ በላት፣ በእጇ ስጣት። ስትቀበል በራሷ ስልክ ትደውልልኝ። ለገሊላ አትንገር።»

ታዲዮስ ጥቅሉን አሸተተው። «በዚህ ዕድሜዎ ሽምግልና ልንላክልዎ ነው?»

«መጀመሪያ ሳሏ ይዳን» አሉት።

ማምሻውን በማያውቁት ቁጥር ተደወለ።

«የገሊላ አባት ነዎት? ጠጄ ነኝ። ጦስኙ ደርሶኛል፤ እግዜር ይስጥልኝ። ግን እንዴት አወቁኝ?»

«ሳልሽ እዚህ ድረስ ይሰማል።»

ሳቀች፤ ሳቁ ወደ ሳል ዞረባት። እስኪያልፍላት ጠበቋት።

«ማለዳ ትነሺያለሽ፣ ልጄ?»

«ከወፍ በፊት። ምነው?»

«እንዲሁ ነው።»

«እንዲሁስ አይመስልም» አለች ጠጄ። «ልጅዎ ዝምተኛ ናት እንጂ ብቻዋን አይደለችም፤ እኔ አለሁ» አለቻቸው።

«ይኸው ነው የፈለግሁት። አፍልተሽ ጠጪው፤ ስኳር አታብዢበት።»

ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ቁጥሯን መዘገቡ። ጣታቸው እየሳተ የጠጄ ደጅ ሁለቴ ሌላ ቦታ ላይ አረፈች፤ ሁለቴም አነሷት። በሦስተኛው ከገሊላ ደጅ በስተቀኝ ተቀመጠች። ከዚያ ለታዲዮስ ደወሉና ጦስኙ መድረሱን ነገሩት፤ ስላደረሰላቸውም አመሰገኑት።