ሚዎኮች እነማን ናቸው?

ወልድያ የታሪክ መምህርት ነበርኩ። ተኩሱ ከተማው ዳር ሲደርስ አንድ ቦርሳ አንጠልጥዬ መርሳ ገባሁና አንዲት ባልቴት ግቢ ውስጥ ክፍል ተከራየሁ። ብዙም ሳይቆይ ከትግራይ የመጡት ታጣቂዎች መርሳንም ያዙ። የቀበሌው ሰዎች ቀደም ብለው ወደ ደሴ ስለሸሹ ከተማው ያለ አስተዳዳሪ ቀረ።

ያኔ ሁሉም ሁሉን ይጠረጥር ነበር። እኔ ደግሞ እንግዳ ነኝ፤ የአባቴ ወገን ከትግራይ መሆኑም ተሰምቷል። ውሃ ልቀዳ ስሄድ ሴቶቹ ወሬያቸውን ያቋርጣሉ።

አንድ ቀን ታጣቂዎቹ የሰፈሩን ሽማግሌዎች ጠርተው፣ ተጠሪ መርጣችሁ ነገ አምጡ አሏቸው። በዚያው ዕለት ከሰዓት በኋላ ጎሚስታው ጎረቤቴ ሁለት ሰዎች አስከትሎ መጣና ቦርሳዬን ፈተሸ። የእንግሊዝኛ መጽሐፍ አገኘ። ውስጡ ካርታ አለ፤ ካርታው ላይ ለማስተማር ብዬ በእርሳስ ያከበብኳቸው መንደሮች አሉ። የት አገር ነው ሲለኝ አሜሪካ ነው፣ ሚዎክ የሚባሉ የካሊፎርኒያ ነባር ሕዝቦች አገር ነው አልኩት። አላመነኝም።

ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ወደሚሰማቸው ሸኽ ግቢ ወሰዱኝ። ከማንጎው ሥር ከሌሎቹ ሽማግሌዎች ጋር በተጠሪው ነገር ተጨንቀው ተቀምጠዋል። ሸኹ ካርታውን አገላብጠው አዩት።

«እኒህ ሚዎክ የምትያቸው እነማን ናቸው?» አሉኝ።

የማውቀውን ነገርኳቸው። እያንዳንዱ መንደር የራሱ አለቃ ነበረው። አለቃው ከማዘዝ ይልቅ ይመክራል፣ እንግዳ ያበላል፣ የተጣላ ያስታርቃል፤ ቃሉን ለሕዝብ የሚያሰማለት ሰውም ነበረው። አንዳንድ ቦታ ሴትም ትመራ ነበር።

«ኋላስ ምን አገኛቸው?»

አገራቸው ወርቅ ተገኘና ወርቅ ፈላጊው እንደ አንበጣ ሰፈረባቸው አልኳቸው። የመንግሥት ሰዎች አለቆቹን ሰብስበው፣ መሬት ይከለልላችኋል ብለው ወረቀት ላይ ምልክት አስደረጓቸው። ሩቅ ያለው ምክር ቤት ውሉን ሳያጸድቀው ቀረ። መሬቱ ሄደ፣ ብዙ ሰው አለቀ፤ ዘሮቻቸው ግን ዛሬም አሉ።

ጎሚስታው ግን፣ ለእኛ ጉዳይ እንዲገጥም አሁን ፈጥራ የምታወራው ነው አለ። በሱ ቦታ ብሆን እኔም እጠረጥር ነበር። ሸኹ እንግሊዝኛ የሚያውቀውን የመድኃኒት ቤት ባለሙያ አስጠሩና እኔን ጓሮ አስቀመጡኝ፤ ስለ ሚዎኮች የሚያወራውን ገጽ እንዲያነብላቸው ነው። ድምፁ እየተቆራረጠ ይሰማኛል፣ ቃሉ ግን አይለይም። አንዱን ነገር በሌላ ቢተረጉመው ምን እንደሚያደርጉኝ አሰብኩ።

ስጠራ ሸኹ መጽሐፉን በሁለት እጃቸው መለሱልኝ።

«ያልሽውን ነው ያነበበው» አሉኝ። ከዚያ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞሩ። «አንድ ሰው ከሰጠናቸው በሱ በኩል ሁላችንንም ያስሩናል። ነገ ሌላው ሲመጣ ደግሞ ያንኑ ሰው ከዳተኛ ይለዋል። ሁላችንም እንሂድ። ስለቆመው ወፍጮና ስለ በሽተኞቻችን እናውራ፤ ወረቀት ላይ ግን እጃችንን አናሳርፍ።»

በማግስቱ ሁሉም ሄዱ። ታጣቂዎቹ ተቆጥተው ፀሐይ ላይ አቆሟቸው፤ ሲመሻሽ ግን ወፍጮው እንዲሠራ ፈቀዱ። በኋላ የመንግሥት ጦር ሲመለስ በሌላ ሰፈር ተጠሪ የነበረው ሰው ታስሮ ሰነበተ። ከእኛ ሰፈር የተጠየቀ አልነበረም።

ወደ ወልድያ ስመለስ ሸኹን ልሰናበት ገባሁ።

«አባቴ፣ ያን ዕለት አምነውኝ ነበር?» አልኳቸው።

«መጽሐፉን አምኜ ነበር ልጄ» አሉኝ። «አንቺን ግን ገና አላመንኩም ነበር።»

አልተቀየምኳቸውም። መርቀውኝ ወጣሁ። ሚኒባሱ ውስጥ ከጎኔ የተቀመጠው ሰው የማን ልጅ እንደሆንኩ ሲጠይቀኝ፣ የእናቴን አገር ብቻ ነገርኩት።