ፊቱ ያልታየው ልጅ

ፖሊሶች የያዙኝ ቆቃ ሐይቅ ዳር፣ እስከ ጉልበቴ ውሃ ውስጥ ቆሜ ነው። ካሜራ የተገጠመላት ትንሽ ጀልባ እየሞከርኩ ነበር፤ ያለ ነጂ እየሄደች እምቦጭ የበቀለበትን ቦታ ትለያለች። ፈቃድ ነበረኝ። ግን ጥበቃ ያለበት የቆቃ ግድብ ቅርብ ነው።

«ማንን ነው የምትቀርጪው?» አለኝ አንደኛው።

«አረም» ስለው ጓደኛውን አይቶ ሳቀ። በእርጥብ ሱሪዬ አዳማ እስር ቤት አመጡኝ።

ክፍሉ ውስጥ የቆርቆሮው ሙቀት ከላይ ይጫናል። ሴቶቹ እግራቸውን ሰብስበው ቦታ ለቀቁልኝ። ትልቋ ከባቱ የመጡ ዓሣ ነጋዴ ነበሩ፤ ሁላችንም በኦሮምኛ እንደ እናት «አዴ» እንላቸዋለን። አጠገቤ የምትተኛው ወጣት የባቱ አበባ እርሻ ሠራተኛ ናት። ጥያቄ ታበዛለች።

«ፕሮፌሰር ማለት ሐኪም ነው?»

«አይደለም። እኔ ማሽን እንዲያይ ነው የማስተምረው።»

የበሰለ ቲማቲም ካልበሰለው እየለየ የሚያነሳ የብረት ክንድ መሥራቴን ነገርኳት። ብዙ ዓመት የፈጀብኝ ሥራ ነው። እሷ ግን ስለ ቲማቲሙ ግድ አልነበራትም።

«የሰው ፊትስ ይለያል? ከሩቅ ቢሆንም?»

ማን ላካት አልኩ በልቤ። ከዚያ ወዲህ ስተኛ ጀርባዬን እሰጣት ጀመር።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ ተጠራሁ። መርማሪው ከወንበሩ ተነሥቶ ተቀበለኝ። «ይቀመጡ ፕሮፌሰር» አለና ለስላሳ አስመጣልኝ። ጠምቶኝ ስለነበር ጠጣሁ። ኮምፒውተሩን ወደ እኔ አዞረው። መናኸሪያ ውስጥ የተሰበሰበ ሕዝብ ነው። ከኋላ አንድ ልጅ እጁን አንሥቷል፤ ፊቱ ደብዝዟል።

«ይሄን ጥርት ያድርጉልን። ነገ ቤትዎ ይገባሉ።»

«ፊቱ ምስሉ ላይ የለም» አልኩት። «ማሽኑ የጎደለውን ገምቶ ነው የሚሞላው። የሚወጣው መልክ የማንም ሊሆን ይችላል።»

«እሱን እኛ እናጣራለን።»

«ሌላ ሰው ትይዛላችሁ። አልሠራውም።»

ኮምፒውተሩን መለሰው። «አንቺ ሴትዮ» አለኝ። «ቅድም ያከበርኩሽ ተሳስቼ ነው።»

ክፍል ስመለስ ወሬው ተቋረጠ። ያቺ ወጣት ብርድ ልብሷን ጎትታ ከእኔ ራቀች።

«የጠጣሽው ለስላሳ ይሸታል» አሉ አዴ። «እኛ ስንጠራ ውሃም አይሰጡን።»

ምሳ ሲመጣ ማንም ከእኔ ጋር አልቆረሰም። እኔ ወጣቷን የጠረጠርኳትን ያህል እነሱም እኔን መጠርጠራቸው ገባኝ። ተነሣሁና ሁሉም እየሰሙ የሆነውን አንድም ሳላስቀር ነገርኳቸው። ስጨርስ ወጣቷ ቀና አለች።

«ልጁ ምን ዓይነት ሸሚዝ ለብሷል?»

ሸሚዙን አይቼዋለሁ። ዓይኗን አየሁት፤ ፍርሃት ይሁን ሌላ ነገር መለየት አቃተኝ።

«አይቻለሁ» አልኳት። «ለእነሱ አልሠራሁላቸውም፤ ላንቺም አልነግርሽም።»

ወደ ግድግዳው ዞረች። ብርድ ልብሷን ተከናነበች። አዴ ሁለታችንንም አዩን። ከዚያ የተቀመጡበትን ካርቶን ገፋ አድርገው «ኮቱ፣ ነይ ተቀመጪ» አሉኝ። ሄጄ ተቀመጥኩ። ቆይተው እሷንም ጠሯት፤ አልመጣችም።

በማግሥቱ ዕቃሽን ያዢ ብለው ወሰዷት። ተፈታች ይሁን ወደ ሌላ ቦታ ተዛወረች፣ የነገረን የለም። እኔንም ቆይተው ያለ ክስ ለቀቁኝ።

አሁንም አስተምራለሁ። ተማሪዎቼ የደበዘዘ ፊት የሚያጠራ ፕሮግራም ሠርተው በኩራት ያሳዩኛል። «ይሄ የማን ፊት ነው?» እላቸዋለሁ። ስለ ሥራዬ አጥብቆ የሚጠይቀኝ እንግዳ ሲያጋጥመኝ ግን ዛሬም መልሴን አሳጥራለሁ።

ያቺ ልጅ ወንድሟን እየፈለገች ነበር? ወይስ ተልካ? አላውቅም። ወደ ባቱ ስሄድ የአበባ እርሻ ሠራተኞችን የጫነ አውቶቡስ ካገኘሁ፣ መስኮቱ ላይ ያሉትን ፊቶች እስኪያልፉ ድረስ አያቸዋለሁ።